ድርቡ ሳንቲምና የአባታችን ሰዓት

— ሄሎ... አቤት... ማን ልበል?... አንተ ነህ እንዴ! ቆይ፣ ቆይ አንዴ፣ በወረንጦ ብሎን ይዣለሁ፣ ከወደቀች በመጥረጊያም አላገኛት... እ... አስቀመጥኳት። በል እሺ።

ሰዓት ሠሪው ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል ወሸቀና ዓይኑ ላይ የነበረውን ማጉያ ወደ ግንባሩ ገፋው። ሁለት እጁ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ስለሆነ አንገቱ ስልክ መያዝን ከተካነ ቆይቷል። ቀኑ እየመሸ ነው፣ የሱቁ በር ገርበብ ብሏል። ግድግዳው ላይ የተደረደሩት ሰዓቶች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው እምነት ይቆጥራሉ። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንዲሉ፣ እሱም ስንት ሰዓት እንደሆነ ማወቅ ሲፈልግ የሚጠይቀው ባለቤቱን ነው። እሷ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የሰዓት ማሰሪያዎችን በየቀለማቸው ትለያለች። ማን እንደደወለ ማንም አልነገራትም፤ የባሏ ሌላኛው ትከሻ ሲወርድ አይታ አወቀች። እንደዚያ የሚወርደው ለታናሽ ወንድሙ ብቻ ነው።

— ደህና ነኝ። ደክሞኛል እንጂ ደህና ነኝ... እሷም ደህና ናት፣ ሰላም ብላሃለች።

እሷ ምንም አላለችም።

— እሺ ወንድሜ፣ ወደ ጉዳዩ ግባ። ደግሞ ምን አገኘህ?... እንዴት አወቅክ? አንተ ጤናዬን ልትጠይቅ ደውለህ ታውቃለህ?... እ... ድርብ። ድርብ ሳንቲም። ባለፈውም እኮ ድርብ ነበር... ከዚያ በፊት ያለውስ? ያ በሁለቱም በኩል ሰው ያለበት? ሁለት ሳንቲም ገምሶ ማን እንዳጣበቀው እንጃ፣ ጥፍሬን ስሰድበት እንደ ባቄላ ተከፈለ! ያ ቀጭኑስ? "ተሳስተው በስስ ብረት መቱት" ብለህ ከምሳዬ ላይ ያስነሳኸኝ? አሲድ ውስጥ የከረመ ሆኖ አልተገኘም?... የትኛው? እሱማ ባቡር የረገጠው ነው አንተ፣ እሱን አታንሳብኝ።

ታናሽየው ፀጉር አስተካካይ ነው። ሰፈሩ "ምላጭ" ይለዋል፤ እሱ ለእጄ ፍጥነት ነው ይላል፣ ደንበኞቹ ለምላሱ ነው ይላሉ። አንድ ጊዜ አንድ የሳንቲም ሰብሳቢ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስለ ስህተት ሳንቲም አወራለት። ሳንቲም የሚመታበት ማህተም ሲቀረጽ ከተሳሳቱ፣ ያ ማህተም የመታው ሳንቲም ሁሉ ፊደሉ ድርብ ሆኖ ይወጣል፤ እንዲህ ያለውን ሰብሳቢዎች እንደ ዓይን ብሌናቸው ነው የሚሳሱለት። ምላጭ ከዚያን ቀን ወዲህ ደንበኛ የሰጠውን ሳንቲም ሳያገላብጥ ኪሱ አይከትም። ታላቅ ወንድሙ ደግሞ ከሰዓት ቀጥሎ የሚያውቀው ሳንቲም ነው፤ የተጠራጠረ ሁሉ ይዞ የሚመጣው እሱ ጠረጴዛ ላይ ነው። እናም ምላጭ ይደውላል። ታላቁ "አይደለም" ይላል። ምላጭ ያኮርፋል። ደግሞ ይደውላል።

— የት ሆነህ ነው?... ዝገቱ ጋ? ሱቅህን ለማን ትተህ?... ደንበኛ ወንበር ላይ አስቀምጠህ? ሳሙና ፊቱ ላይ ቀብተህ?... አንዱን ጉንጭ ላጭተህ! ኧረ አንተ ሰው ፈጣሪን ፍራ! ሰውየው እኮ በአንድ ጉንጩ ጎረምሳ፣ በአንድ ጉንጩ ሽማግሌ ሆኖ ተቀምጧል... "መንገድ መሻገር ብቻ ነው" አይባልም!

ዝገቱ ከፀጉር ቤቱ ፊት ለፊት የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ያላቸው አዛውንት ናቸው። ሱቃቸው ውስጥ እጀታ የሌለው ድስትና ድስት የሌለው እጀታ እየተፈላለጉ ይኖራሉ። ፊት ለፊት ግን ማንም ዝገቱ አይላቸውም። ፊት ለፊት "ጋሼ" ናቸው።

— ከብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ?... ሙሉ ነው?... እ... አንዷን ነጥሎ አይሸጥም፣ ሁሉንም አንድ ላይ። ታዲያ እሱ አላያትም?... አይ እሱስ ዓይኑ ደክሟል፣ ለሱ ሳንቲም ሁሉ ሳንቲም ነው። እሺ፣ በቆርቆሮው ምን ስጠኝ አለህ?... ... ምን?... እስቲ ድገመው።

ሰዓት ሠሪው ከመቀመጫው ተነሳ። ማጉያው ከግንባሩ ተንሸራቶ አፍንጫው ላይ አረፈ።

— የአባታችንን ሰዓት?

የባለቤቱ እጅ ማሰሪያዎቹ ላይ ቀጥ አለ።

— አልጮህኩም... አልጮህኩም አልኩህ እኮ! የአባታችንን ሰዓት በቆርቆሮ ሳንቲም?... ቆሟል? ከመቼ ጀምሮ ነው የቆመው?... "ቆየት ብሏል"? እና ለምን አልነገርከኝም? ወንድምህ ምን ሠሪ ይመስልሃል፣ ዳቦ ጋጋሪ?

አባትየው በሰንሰለት የሚንጠለጠል የኪስ ሰዓት ነበራቸው። ክዳኑ ሲከፈት ጠቅ የሚል ድምፅ ነበረው፤ ልጆቹ በዚያች ድምፅ ነው አባታቸው መግባታቸውን የሚያውቁት። ዘመድ ሁሉ ሰዓቱ ለሰዓት ሠሪው ነው ብሎ ደምድሞ ነበር። ሰዓት ሠሪውም በልቡ ደምድሞ፣ ከጠረጴዛው በላይ ምስማር መትቶለት ነበር። አባትየው ግን ሁለቱን ጠርተው ለታናሹ ሰጡት። ታላቁን አይተው፦ "አንተ ትፈታዋለህ፣ እሱ ይይዘዋል" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ሰዓት ሠሪውም አብሮ ሳቀ። ምስማሩ ግን እስካሁን ባዶውን አለ። ግድግዳው በሰዓት ተጨናንቆ ያቺ ምስማር ብቻዋን ለምን እንደቆመች ደንበኛ ሲጠይቀው፣ "መጠባበቂያ ናት" ይላል።

— እሺ። እሺ ይሁን። ያንተ ነው፣ ለአንተ ነው የተሰጠህ፣ እኔ ምን አገባኝ... ኧረ አልተቀየምኩም። ሲደክመኝ ድምፄ እንደዚህ ነው... ግን በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ሲባል አልሰማህም?... እሺ፣ እሺ፣ ተረትና ምሳሌ ልትሰማ አልደወልክም። ሳንቲሙን ልይልህ ነው የደወልከው... ቆይ አንቺ!... አንተን አይደለም።

ባለቤቱ ከበርጩማዋ ተነስታ ፊቱ ቆማለች። በጣቷ ባዶውን ምስማር ታሳየዋለች፣ ከዚያ ያንኑ ጣቷን ግራና ቀኝ ታወዛውዛለች። ነገሩ ግልጽ ነው፦ "አይደለም" በለው፣ ሰዓቱ ይትረፍ። እውነትም ቀላል ነበር። "አይደለም" ለሰዓት ሠሪው ከአፉ እንደ ሰላምታ ሳይታሰብ የሚወጣ ቃል ሆኗል። ደግሞም እስከ ዛሬ ሁልጊዜ እውነት ነበር፤ ዛሬም እውነት የማይሆንበት ምክንያት የለም። በደንብ ጠይቆ፣ እንደ ወጉ መርምሮ፣ በንጹህ ልቡ "አይደለም" ሊል ወሰነ።

— ስማ፣ ሰውየው የት አለ?... ጓዳ? ምን ሊያመጣ?... ገመድ፣ ቆርቆሮውን የሚያስርበት። እንግዲያው ቶሎ እንጨርስ። የሰጠሁህን ማጉያ ይዘሃል?... ጎበዝ። ሳንቲሙን በአንድ እጅህ ያዝ። ጠርዙን ብቻ፣ ፊቱን እንዳትነካው። ማጉያውን በሌላው እጅህ ዓይንህ ላይ ለጥፈው። ከዓይንህ ሳታርቀው ሳንቲሙን ወደ እሱ አምጣ... ምን እያደረግክ ነው?... በፎጣህ? አትጥረገው! ያ ፎጣ የስንቱን አገጭ ያበሰ ነው! ሳንቲም አይጠረግም፣ አይታጠብም፣ አይወለወልም። አንዴ ከወለወልከው ሰብሳቢ ዞር ብሎ አያየውም... ሄሎ?... ሄሎ! ትሰማኛለህ?

የወንድሙ ድምፅ በድንገት ርቆ፣ ከጋን ውስጥ እንደሚወጣ ሆነ።

— ሄሎ! ከጋን ውስጥ ነው እንዴ የምታወራው?... እኔን ግን ትሰማኛለህ? አንተማ ትንሽ ትንሽ ትደርሰኛለህ... በቃ እኔ ጮክ ልበልልህ። ወደ መስኮቱ ዙር። ከፊደሎቹ ቀጥ ያለ እግር ያለውን አንዱን ምረጥ... መረጥክ? ጥሩ። አሁን በምታውቀው ልንገርህ። ማሽኑ ሳንቲሙን ሲመታ ማህተሙ ላልቶ ከተንሸራተተ፣ ፊደሉን በጎኑ ይደፈጥጠዋል። ከፊደሉ ሥር ዝቅ ያለች፣ ጠፍጣፋ ደረጃ ትወጣለች። ጀማሪ የቆረጠው ፀጉር አይተሃል፣ ከጆሮ በላይ እርከን ሠርቶ የሚቀር?... አዎ፣ እንደ በፊቱ ረዳትህ። እንደዚያ ከሆነ የማሽን ነው። ያረጀ ማሽን ባለበት ሁሉ ሞልቷል፣ ማንም ጉዳዩ አይደለም... ቆይ፣ አስጨርሰኝ። ስህተቱ ከማህተሙ ከሆነ ግን፣ ማህተሙ ሲቀረጽ ትንሽ ዞር ብሎ ሁለቴ ተቀርጾ ከሆነ፣ ሁለቱም ፊደል ሙሉ ነው። ሁለቱም ትከሻቸው ክብ ነው። ፊደሉ ይወፍራል እንጂ አይቀጥንም። ገባህ?... እሺ፣ ምን ይታይሃል? እርከን ነው አይደል?... እርከን ነው?

ባለቤቱ ከንፈሩን ታያለች።

— አይደለም... ክብ ነው። እርግጠኛ ነህ?... አንተ ሁልጊዜ እርግጠኛ ነህ። እስቲ ሳንቲሙን አዙረው፣ ብርሃኑ ከሌላ በኩል ይምጣበት። የጥላ ነገር ከሆነ ይጠፋል... ቀስ ብለህ... ጠፋ?... ጮክ በል!... አልጠፋም።

ሰዓት ሠሪው ተመልሶ ተቀመጠ።

— ወፍሯል ወይስ ቀጥኗል? ከሌላ ንጹህ ሳንቲም ጋር አስተያየው፣ ከቆርቆሮው አንዷን አውጣ... እ... ወፍሯል። እሺ፣ የፊደሉ እግር የሚያልቅበት ጥግ ላይ እይልኝ። እንደተከፈተ መቀስ አፍ ሹል ስንጥቅ አለ?... የለም?... አለ? የቱን ልመን?... አለ። በአንዱ ላይ ነው ወይስ በሁሉም?... የዓመቱ ቁጥር ላይስ?... እሱም ላይ። ድርቡ ወደየት ነው ያጋደለው?... ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ። ወደ ጠርዙ ስትጠጋ እየሰፋ፣ ወደ መሀል እየጠበበ... ኧረ እኔ አልነገርኩህም፣ እየጠየቅኩህ ነው!... እ። እውነትህን ነው። አዎ። አንተ ነህ ያየኸው። ገልብጠው፣ ጀርባውን እይ... ንጹህ ነው?... አይ፣ ችግር የለውም። ጀርባው ሌላ ማህተም ነው። የተሳሳተው አንዱ ነው።

ጥያቄ አለቀበት። ሌላ ጊዜ ገና በመጀመሪያው ጥያቄ ነበር ነገሩ የሚያልቀው፤ ዛሬ ግን ደረጃውን ሁሉ ወርዶ ከምድር ቤት ደረሰና መሬቱ ጠንካራ ሆኖ ተገኘ። ባለቤቱ እጅጌውን ይዛ ትጎትተዋለች። ስልኩን ከትከሻው አውጥቶ በመዳፉ አፈነው።

— አውቃለሁ... አውቃለሁ አልኩሽ። ያንቺ አባት ናቸው እንዴ? የኔ አባት ናቸው!... እሺ ይቅርታ፣ ባንቺ ላይ መጮኼ አይደለም። ግን አስቢው፦ ዛሬ "አይደለም" ካልኩት፣ እስከ ዛሬ ያልኩት "አይደለም" ሁሉ ምን ሊሆን ነው? ልጁ ያንን ሁሉ ጊዜ እያኮረፈም የሚመለሰው እኮ አንድ ቀን "ነው" ይለኛል ብሎ ነው።

እጅጌውን ለቀቀችው። ግንባሩን በመዳፉ ጠረገና ስልኩን ወደ ጆሮው መለሰ።

— ሄሎ... አለሁ፣ አልጠፋሁም። ስማ ምላጭ። ነው... ነው አልኩህ... አይሰማህም? ነው! እውነተኛ ነው! ድርብ ነው፣ የማህተም ነው፣ የማሽን አይደለም! ያ ዝገት ሰውዬ ገመዱን ይዞ ሳይመለስ ቆርቆሮውን ውሰድ፣ እሱ ምን እንደያዘ አያውቅም! ሰዓቱም... ሰዓቱም ይሁን፣ ያንተ ነው፣ ያሻህን አድርገው! አንተ ልጅ ዓይን አለህ!... ሄሎ?

ግድግዳው ላይ ሰዓቶቹ ብቻ ይቆጥራሉ።

— ሄሎ? ለምን ዝም አልክ?... ምንድን ነው እሱ ድምፅ? የቆርቆሮው ክዳን ነው?... ማን ነው የሚያስለው?... ...ወንድሜ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሳንቲሙን በአንድ እጅህ ያዝክ። ማጉያውን በሌላው እጅህ ያዝክ። ስልኩን በምንህ ነው የያዝከው?

የወንድሙ ድምፅ አሁን ቀርቧል። እንዲያውም ከመቅረቡ ብዛት ሹክሹክታ ሆኗል።

— ጠረጴዛ ላይ... ስፒከር ላይ አድርገህ... እና እሱ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ቆሞ... ከምን ጀምሮ?... ከፎጣው ጀምሮ። እንግዲያው ሁሉንም። "ዝገት"ንም።

ባለቤቱ አፏን በማሰሪያ በተሞላ እጇ ሸፈነች። በአንድ እጅ ያዝ፣ በሌላው እጅ ያዝ ያለው ራሱ ነው። ለዚህ ሥራ የሠለጠነ አንገት እንደሚያስፈልግ ረስቶት ነበር፤ ፀጉር አስተካካይ የሰው አንገት እንጂ የራሱን አያሠለጥንም።

— ስጣቸው... ስጣቸው እስቲ... ጋሼ! እንደምን ዋሉ ጋሼ! ጤናዎ እንዴት ነው?... ወገብዎስ ተሻለዎ?... እኔማ ይመስገን... ማን? እኔ? "ዝገት ሰውዬ"?... አይ ጋሼ፣ እሱ... ሳንቲሙ ላይ ያለውን ሰውዬ ማለቴ ነው። ዝገት ነክቶት እንዳይሆን ብዬ... እ... አዎ። አያምርም። ሲደክመኝ ውሸቴ እንደዚህ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ... ስሙን ግን እኔ አላወጣሁትም፣ ሰፈሩ ነው... ያውቁት ነበር? ከድሮ ጀምሮ?... ታዲያ ዝም ብለው ኖሩ!... እውነትዎን ነው፣ ዝገት ከብረት ይቆያል።

አዛውንቱ በረጅሙ ተናገሩ። ሰዓት ሠሪው እያዳመጠ ወረንጦውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ።

— እሺ ጋሼ... ከቆርቆሮው አወጡት፣ ገባኝ... መብትዎ ነው፣ ኧረ እኔ ምን እላለሁ... ዋጋውን? እሱን አላውቅም። እውነት መሆኑን እንጂ ስንት እንደሚያወጣ የማውቅ አይደለሁም። ለሚያውቅ ያሳዩ። በአንድ ሰው አፍ አይጨርሱ... አዎ፣ በኔም አፍ ቢሆን። እኔ በጆሮዬ እንጂ በዓይኔ አላየሁትም። ብቻ እንዳይወለውሉት! ሎሚ አያስነኩት፣ አመድ አያስነኩት። ወረቀት ጠቅልለው ለብቻው ያኑሩት። ከሌሎቹ ጋር እያቃጨለ እንዳይፋጭ... ምንም አይደል... ሰዓቱንስ?... በሱ ፈንታ የቀረውን ሳንቲም ከነቆርቆሮው፣ ላዩ ላይ የመላጫ መስታወት ጨምረው?

ባለቤቱ ቀና አለች።

— ... እሱን ከባለቤቱ ጋር ነው የሚነጋገሩት ጋሼ። ሰዓቱ የወንድሜ ነው። እኔን አይጠይቁኝ... እሺ፣ ደህና ይሁኑልኝ። ለወገብዎ ሞቅ ያለ ነገር ያድርጉበት።

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ሰማው። ከዚያ ሁለት ሰዎች ራቅ ብለው ሲያወሩ፣ አንዱ ሲለማመጥ፣ ሌላው በአጭሩ ሲመልስ። ቃሉ አይለይም። ሰዓት ሠሪው ጠረጴዛውን በጣቱ ይቆረቁራል። ምስማሩን ላለማየት ፊቱን ወደ በሩ አዞረ፤ እዚያ ደግሞ ባለቤቱ ምስማሩን እያየች ነበር።

— ሄሎ... አቤት። በል፣ ስደበኝ... እኔ? ሆን ብዬ? ሆን ብዬ ላበላሽብህ ብፈልግ ኖሮ "አይደለም" ብዬ አልገላገልም ነበር? እሷ እዚህ "አይደለም በለው" እያለች እጅጌዬን ቀድዳ ልታወጣው ነበር!... አዎ፣ የወንድምህ ሚስት... እ? መስታወቱንስ ምን አልካቸው?... ጮክ በል።... አልሰጥም አልክ?

ለባለቤቱ በዓይኑ ነገራት። እሷ በቀስታ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች።

— እና ሰዓቱ የት አለ?... ኪስህ። ደረትህ ላይ ያለው ኪስ? በል እዚያው ይቆይ... እህ፣ ሳንቲሙማ ሄደ። ይሂድ። ከቆርቆሮ ሙሉ ሳንቲም መሀል፣ በባዶ ዓይንህ፣ ያቺን አንዷን ለቅመህ አወጣህ። እሱን ጋሼ ወረቀት ጠቅልለው ሊያስቀምጡብህ አይችሉም... አዎ፣ ብያለሁ። ዓይን አለህ ብያለሁ... በቃ አንዴ ይበቃል፣ አታስለምነኝ!

ከወዲያ ሳቅ ተሰማ፤ ቀጥሎ ሳቁ ተቆረጠና ምላጭ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሆነ ነገር ማውራት ጀመረ። ሰዓት ሠሪው ስልኩን ከትከሻው አውጥቶ በእጁ ያዘው፤ እንዲህ የሚያደርገው ነገሩ ከባድ ሲሆን ነው።

— እ... ሰዓቱ? የምን ውሃ ውስጥ?... የመላጫው ሳህን ውስጥ። ከኪስህ ሾልኮ... ከነሳሙናው... እና አውጥተህ በዚያ ፎጣ ጠረግከው። ከዚያ ወዲህ አልቆጠረም... አንተ ሰው። እና እኔ እንዳላይብህ ለዝገ... ለጋሼ ሰጥተህ ልትገላገል ነበር?... ምን ይለኛል ብለህ? "አባታችን ይይዘዋል ብለውህ ነበር" ይለኛል ብለህ?

ሰዓት ሠሪው ማጉያውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

— ... አላልኩም እኮ። አልልም ደግሞ... አይ፣ አልተቆጣሁም። ደክሞኛል ብያለሁ፣ ቁጣም ጉልበት ይፈልጋል። ስማኝ ወንድሜ፦ ውሃ ያልገባበት ሰዓት እኔ ሱቅ ምን ይሠራል? ሰው የሚያመጣልኝ ሽሮፕ ውስጥ የወደቀ፣ ልጅ የዋጠው፣ መኪና የሄደበት ነው። ዛሬ አምጣው። ውሃው ውስጡ በቆየ ቁጥር ይበላዋል... አልወስድብህም! ያንተ ነው ስል እየቀለድኩ ይመስልሃል? ሲደርቅ፣ ሲቆጥር፣ ይዘኸው ትሄዳለህ... እፈታዋለሁ፣ አዎ። ካልተፈታ አይደርቅም። አባታችን እውነታቸውን ነው፣ እኔ እፈታለሁ። እሳቸው ግን ስፈታ ነው ያዩኝ፤ መልሼ ስገጥም ለማየት ተቀምጠው አያውቁም... አንተ ተቀመጥና እይ። በአንድ እጅህ መብራት ትይዛለህ፣ በአንድ እጅህ የብሎኖቹን ሳህን። ስልክህን ደግሞ እባክህ ቤት ትተኸው ና።

ባለቤቱ ሳቀች። ሰዓት ሠሪው ሊስቅ ፈልጎ ማዛጋት ቀደመው።

— ሰማሃት? እሷ ናት... ሰላም ትልሃለች። አሁን እውነቷን ነው... መጀመሪያ ግን ያንን ሰውዬ ሄደህ ላጨው! ሳሙናው ደርቆበት... ምን? መጣ? በአንድ ጉንጩ መንገድ ተሻግሮ?... እዚያው ጋሼ ሱቅ ቆሞ ሳንቲም ያገላብጣል!... ኧረ እኔ ጋ እንዳይደውል! ስልኬን እንዳትሰጠው! ድርብ የሚባል ነገር እንዳትነግረው፣ ሌላኛውን ጉንጩን ላጭተህ በሰላም ሸኘው... እሺ። እንጠብቅሃለን። አንሄድም።

ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የሰው ሰዓት ከነወረንጦው ወደ ጎን ገፋ አደረገና ንጹህ ጨርቅ አነጠፈ። ባለቤቱ ወደ ቤት ልትሄድ ከበርጩማዋ ሥር አዘጋጅታው የነበረውን ቦርሳዋን አነሳች፤ የምታኖርበት ፈልጋ ዙሪያዋን ስታይ ቆየችና ባዶው ምስማር ላይ ሰቀለችው። ከዚያ በርጩማዋን ይዛ መጥታ ከጠረጴዛው ማዶ፣ መብራት የሚይዝ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ አስቀመጠችለት።

— በል ቻው... ሄሎ? ቆይ፣ እንዳትዘጋው! ሰዓቱን እንዳትጠርገው! ሰማኸኝ? በዚያ ፎጣ እንዳትጠርገው!... ሄሎ?... ሄሎ?... ዘጋው።